«ወረቀት አይደል እንዴ?» አንበል

የነቀምቴን ክረምት የቀመሰ ያውቀዋል፤ እርጥበቱ ለታጠፈ ወረቀት አይራራም። ለእንቁጣጣሽ የተሠራ የወረቀት አበባ መስቀል ሳይደርስ ይልፈሰፈሳል። እኛም «ወረቀት አይደል እንዴ?» ብለን እንጥለዋለን።

በኔ አስተያየት ጥፋቱ የወረቀቱ አይደለም። አናጢ ወንበሩን ቫርኒሽ ሳይቀባ ገበያ አያወጣም፤ ታዲያ ወረቀት አጣፊው ለምን ያወጣል? አሠራሩ እኮ ከባድ አይደለም። አስቀድሞ ማጠፍ፣ ከዚያ ነጭ ኮላ በትንሽ ውሃ አቅጥኖ በስሱ መቀባት፣ ሲደርቅ መድገም ነው። ውሃው ከበዛ እጥፋቱ ይፈታል። ኮላ ያጠነክራል እንጂ ዝናብ አይችልም፤ እርጥበቱን የሚከላከለው ከላይ የሚቀባው ቫርኒሽ ነው። እሱም ነጩን ወረቀት ቢጫ ስለሚያደርገው ባለቀለም ወረቀት ይመረጣል።

ዕድሜ የሌለው ዕቃ ዋጋ አያወጣም፤ ሙያውም አብሮ ይናቃል። አበባ ሠርተው የሚያዞሩ ልጆች የበዓል ሳንቲም ከሚጠብቁ፣ ለሚቆይ ሥራቸው ዋጋ ቢጠይቁ አይሻልም ትላላችሁ?