ዩሪያው ሲታጠብ፣ ፍጉ ሲነድ

በምዕራብ ጎጃም እርሻ የሚለካው በማዳበሪያ ኩንታል ነው። የወረዳው ሪፖርት ስንት ኩንታል እንደገባ ይቆጥራል፤ ገበሬውም የሚጨነቀው ስንት እንደሚደርሰው ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ሲጠፋ የጎጃም ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ጮኋል። አቤቱታው ተገቢ ነበር። የማይገባው «ዩሪያ ከተገኘ መሬቱ ጠገበ» የሚለው እምነት ነው። ይህን እምነት ያስተማረው ደግሞ ከ1980ዎቹ ወዲህ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን በጥቅል ሲያከፋፍል የኖረው የኤክስቴንሽን አሠራር ነው።

50 ኪሎ ዩሪያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። የአፈር ባክቴሪያዎች ይህን ቀስ በቀስ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት አፈር ላይ አይጣበቅም፤ ሰብሉ ፈጥኖ ካልወሰደው የሐምሌ ዝናብ ከሥሩ በታች ይዞት ይሰርጋል፤ ከፊሉም በብርና በፈጣም ወንዞች በኩል ዓባይ ይገባል። ታጥቦ ሲሄድም የዝናቡ ብዛት ያመጣውን የአፈር አሲዳማነት ያባብሳል። ከዚያ ደግሞ አሲዱን ለማርከስ ኖራ ፍለጋ እንወጣለን።

ናይትሮጅንን አፈር ውስጥ ይዘው ከሚያቆዩት መካከል ሌሎች የአፈር ባክቴሪያዎች ይገኙበታል፤ ለመራባት ግን ካርቦን መብላት አለባቸው። በውጭ አገር ኮራል የተባለውን የባሕር እንስሳ በውኃ ገንዳ የሚያሳድጉ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ናይትሬት ሲበዛባቸው ባክቴሪያ ከጥቂት ኮምጣጤ ወይም ስኳር ጋር ይጨምራሉ፤ ባክቴሪያው በካርቦኑ ሲራባ ናይትሬቱን ከውኃው ይወስዳል። እነሱ ናይትሬቱን ሊያስወግዱት፣ እኛ አፈር ውስጥ ልናቆየው እንፈልጋለን እንጂ ሥራው ያው የባክቴሪያ ነው።

የእኛ ካርቦን የት ሄደ? የበቆሎው አገዳ ለከብት መኖና ለማገዶ ሆነ፤ ፍጉ ኩበት ሆኖ ነደደ። ማስረጃውን ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ማንም ገበሬ ያሳያችኋል። አመድና ፍግ የሚደፋበት የጓሮ በቆሎ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲቆም፣ ዩሪያ ብቻ የሚያየው የሩቁ ማሳ በየዓመቱ ተጨማሪ ይጠይቃል።

«እንግዲያው አገዳውን ገልብጦ ማረስ ነው» የሚል ካለ ይቸኩላል። ጥሬ አገዳ ካርቦኑ ብዙ፣ ናይትሮጅኑ ትንሽ ነው፤ ባክቴሪያው ሊያበሰብሰው ሲል ከአፈሩ ናይትሮጅን ይሻማል፣ ቡቃያውም ቢጫ ይሆናል። ከፍግ ጋር ተደባልቆ አስቀድሞ ኮምፖስት መሆን አለበት። በከረጢት የሚሸጥ ባክቴሪያም ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ ሪዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ናይትሮጅን ከአየር የሚስበው እንደ ባቄላና አኩሪ አተር ካሉ ጥራጥሬዎች ሥር ጋር ሲዛመድ ነው። አሲዳማ መሬት የሚችለው ግብጦ ይህን ሥራ ሲሠራ ኖሯል፤ የኤክስቴንሽኑ ጥቅል ውስጥ ግን ቦታ አላገኘም።

ገበሬውን «ኩበት አታንድድ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። እንጀራው በምን ይጋገር? ማገዶ ሳይተካ የሚሰጥ ምክር በእናቶች ጀርባ ላይ ሸክም መጨመር ነው።

ዩሪያ ይቅር አላልሁም፤ ያለ እሱ የዛሬው የበቆሎ ምርት አይታሰብም። ግን ዩሪያው ተከፋፍሎ፣ ሰብሉ በሚፈልገው ጊዜ ይሰጥ። የግብርና ጽሕፈት ቤቱም ስንት ኩንታል ኮምፖስት ማሳ እንደገባና ስንት ቤት ከኩበት እንደተላቀቀ ከዩሪያው እኩል ይጠየቅበት። ለባዮጋዝና ለማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የሚወጣው ገንዘብ የማዳበሪያ በጀት ነው፤ እዚያው መዝገብ ላይ ይጻፍ።