«አልተለየም» ብሎ መጻፍም ዕውቀት ነው



ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ሲያብብ የባዮሎጂ ተማሪዎቻችን መረብና ደብተር ይዘው ለመስክ ሥራ ይወጣሉ። በሚሞሉት ቅጽ ላይ «የዝርያው ስም» የሚል ሳጥን አለ። ባዶ መተው ነጥብ ያስቀንሳል የሚል ስጋት ስላለ ሳጥኑ ብዙ ጊዜ በግምት ይሞላል። እኛ ግን በዓይን ሊለይ የማይችለውን «አልተለየም» ብሎ መጻፍ ከግምት ይሻላል፣ ነጥብም ሊያሰጥ ይገባል እንላለን።

የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉትን ሰማያዊ ቢራቢሮዎች እንመልከት። ሲበሩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። የክንፋቸው ላይኛው ገጽ ብዙም አይረዳም፤ ወንዱ ሰማያዊ ነው፣ ሴቷ ወደ ቡናማ ታደላለች። ዋናው ምልክት ያለው ክንፋቸውን አጥፈው ሲያርፉ በሚታየው ታችኛው ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ከማሳደድ ይልቅ እስኪያርፉ መጠበቅ ያዋጣል።

በባቄላና በአተር ማሳ የሚገኘው ላምፒደስ ቦኤቲከስ በኋላ ክንፉ ላይ ቀጭን ጭራ፣ ከጭራው አጠገብ ሁለት ጥቁር ነጥቦች፣ ከክንፉ ጠርዝ ገባ ብሎ ደግሞ ሰፋ ያለ ነጭ መስመር አለው። ሌፕቶቴስ ፒሪቱስም ጭራና ሁለት ነጥቦች አሉት፤ ያ ሰፊ ነጭ መስመር ግን የለውም፣ ታችኛው ገጹ ዝንጉርጉር ነው። ከሣሩ ብዙም ከፍ ሳይል የሚበረው ዚዜሪያ ናይስና ጭራ የለውም። ጭራ ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ ያረጀ ቢራቢሮ ጭራው ተቆርጦ ይገኛል። መጠንም እንዲሁ ነው፤ አባጨጓሬ ሳለ ምግብ ያነሰው አንሶ ይወጣል።

እስከዚህ ድረስ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃሉ። ሌፕቶቴስ ላይ ስንደርስ ግን አይበቁም። ፒሪቱስ በአፍሪካ ውስጥ ባባውልቲ፣ ብሬቪደንታተስና ጃኔሊ የተባሉ በጣም የሚመስሉት ዘመዶች አሉት። በእርግጠኝነት ለመለየት የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። ከፎቶ ብቻ ተነስቶ «ፒሪቱስ» ያለ ተማሪ የጻፈው ያየውን ሳይሆን የገመተውን ነው። ትክክለኛው መልስ «ሌፕቶቴስ፣ ዝርያው አልተለየም» ነው።

«ለአንዲት ቢራቢሮ ይህ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የላምፒደስ አባጨጓሬ የባቄላና የአተር አበባና እሸት ይበላል። ስሙ በግምት ከተጻፈ ስለ ማሳው ተባይ የሚሰጠው ምክርም ይሳሳታል። መዝገቡ ከጻፈው ተማሪ በኋላም ይኖራል፤ ሌላው ለመመረቂያ ጽሑፉ አምኖ ይቆጥረዋል። ቢራቢሮዋ ከበረረች በኋላ የተሳሳተውን ስም ማን ያርመዋል? ክፍት የተተወውን ግን ናሙና ያገኘ ሰው ነገ ይሞላዋል።

ስለዚህ መምህራኖቻችን በቅጹ ላይ «እስከ ጂነስ ብቻ» የሚል ሳጥን እንዲጨምሩ፣ ምክንያቱን ለጻፈ ተማሪም ሙሉ ነጥብ እንዲሰጡ እንጠይቃለን። እኛም የታችኛውን ገጽ ፎቶ እናንሳ፤ ከስሙ ጎን ያየነውን ምልክት እንጻፍ። መዝገብ አማና ነው። ዑለሞቻችን የቱንም ያህል ቢያውቁ ንግግራቸውን «ወላሁ አዕለም» ብለው ይዘጋሉ፤ ይህም ዕውቀታቸውን አሳንሶባቸው አያውቅም።