ግማሽ ላይ የቆመችው ቀስት
«አባባ፣ ግማሽ አለው እኮ!» አለችኝ የልጅ ልጄ። ትኩሳት የያዘውን ታናሽ ወንድሟን ይዘን ከግምጃ ቤት ወደ እንጅባራ ስንሄድ አሮጌዋ ቶዮታችን ቀጥ ብላ ቆመች። እውነቷን ነው፣ የነዳጁ ጌጅ ግማሽ ይላል፤ ሰልባትዮው ግን ደርቋል። ልጁን በባጃጅ ሐኪም ዘንድ አደረስነው፤ ተመስገን።

በማግስቱ መካኒኩ ጌጁን ለመቀየር አልቸኮለም። ቁልፉን አጥፍቶ፣ ሰልባትዮው ውስጥ ካለው ተንሳፋፊ የሚመጣውን ሽቦ ነቀለና በትንሽ አምፖል በኩል ከመኪናው ብረት ጋር አገናኘው። ቁልፉን ሲከፍት ቀስቷ ወደ ሙሉ ወጣች።

«አባቴ፣ ጌጁ ደህና ነው፤ ችግሩ ከታች ነው» አለኝ። በእነዚህ አሮጌ ቶዮታዎች ሰልባትዮው ሲሞላ የተንሳፋፊው ሬዚስታንስ ይቀንሳል፣ ሲጎድል ይጨምራል። ቀስቷ ባትነሳ ኖሮ ፊውዙን፣ ሽቦውንና ጌጁን ራሱን ነበር የምንጠረጥረው። ተንሳፋፊው ሲወጣ ክንዱ ዝጎ ተጣብቋል። (የቤንዚን ትነት እሳት ነውና ልጆቹን አርቀናቸው ነበር፤ እናንተም እቤት አትሞክሩት።)

አዲሱ ተንሳፋፊ እስኪገኝ፣ ቤንዚን በሞላሁ ቁጥር ልጅቷ ኪሎ ሜትሩን በደብተሯ ትጽፋለች። እሷ ሳታሰላልኝ ሞተር አላስነሳም።