ሁለት ሌሊት በእስክንድርያ፤ ሒሳቡ በሰዓት ነው

ለንግድ ትርዒት፣ ለስብሰባ ወይም ለዕቃ ግዢ ካይሮ የሚሄደው የአዲስ አበባ ነጋዴ ሥራውን የሚጨርሰው ሐሙስ ማታ ነው። በግብፅ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ በመሆኑ ከዚያ ወዲያ የሚፈረም ውል፣ የሚከፈት ቢሮ የለም። የመመለሻ ትኬቱ ለእሑድ ማታ ከተቆረጠ ደግሞ ሁለት ቀን ከመንፈቅ በእጁ ይቀራል። ብዙዎች ይህን ጊዜ የሚጨርሱት በካይሮ የመኪና መጨናነቅ ውስጥ ጫማና ሽቶ ሲያፈላልጉ ነው። ፒራሚዱን ላላየ ሰው ካይሮ መቆየቱ ይገባል። አንድ ጊዜ ያየ ነጋዴ ግን ሌላ ቦታ አለው። ከካይሮ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በፈጣኑ ባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት የምታስኬድ እስክንድርያ በሜዲትራንያን ዳር ተዘርግታለች።

ስህተቱ የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው። ሰው ወጪውን የሚያሰላው በሆቴል ደረሰኝ ስለሆነ የአንድ ሌሊት ክፍያ ለማዳን ሲል በዕለቱ ደርሶ መመለስን ይመርጣል። ጧት በባቡር፣ ማታ በባቡር፤ ስድስት ሰዓት ሐዲድ ላይ አለቀ ማለት ነው። በቀረው ግማሽ ቀን የቃይትባይ ምሽግን ከውጭ ያያል፣ ዓሣ ይበላል፣ ከተማዋን ግን አያያትም። ነጋዴ በሱቁ እንዲህ ያለ ሒሳብ ቢሠራ ጎረቤቶቹ ይስቁበት ነበር። የሚያዋጣው ዓርብ ጧት ከራምሲስ ጣቢያ ተነሥቶ፣ ሁለት ሌሊት አድሮ፣ እሑድ ጧት መመለስ ነው። የባቡሩ የመመለሻ ትኬትም ከመሄጃው ጋር አብሮ ቢቆረጥ ይሻላል፤ የዕረፍቱ ማብቂያ ላይ ወደ ካይሮ የሚጎርፈው ሰው ብዙ ነው። በእስክንድርያ መጀመሪያ የሚደረሰው ሲዲ ጋብር ጣቢያ ሲሆን መሐል ከተማው ያለው የመጨረሻው፣ ምስር ጣቢያ ነው። ተቻኩሎ ቀድሞ የወረደ የታክሲ ሒሳብ ይጠብቀዋል።

የፓውንዱ መውደቅ እስክንድርያን አርክሷታል የሚለው ወሬም መመርመር አለበት። የግብፅ ማዕከላዊ ባንክ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓውንዱን ለገበያ ሲለቀው በ31 ፓውንድ አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በዕለቱ ወደ 50 ተጠጋ። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ ይፋ ተመን ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ አንድ ፓውንድ ከ1 ብር ከ80 ሳንቲም በላይ ከነበረበት ወደ 1 ብር ከ15 ሳንቲም ገደማ ወረደ ማለት ነው። ለብር ያዡ ይህ መልካም ዘመን አምስት ወር እንኳ አልሞላም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በተራው ተለቀቀ፤ ዶላር 120 ብር ሲያልፍ ያው ፓውንድ 2 ብር ከ40 ደረሰ። (ምንዛሪውን ከሌላ ቦታ የገዛ ሒሳቡን ራሱ ያውቀዋል።) በዚያ ላይ ትልልቆቹ ሆቴሎች ለውጭ አገር እንግዳ ዋጋቸውን በዶላር ይናገራሉ፤ ሙዚየሞችም ለውጭ ዜጋ የሚያስከፍሉት ከግብፃዊው የበለጠ ነው። ከተማዋ የረከሰችው ለዶላር ያዡ ነው። በብር ለሚያስበው ሰው የሚረክስለት ባቡሩ፣ ቁርሱና የታክሲው ሒሳብ ነው፤ አልጋው አይደለም። ቪዛውም ከአዲስ አበባ ሳይነሡ መያዝ ያለበት ስለሆነ በሁለተኛ ሐሳብ የሚደረግ ጉዞ አይደለም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ነሐሴ ላይ ካይሮ በሙሉ ወደ ባሕር ስለሚወርድ አልጋም መንገድም ይጠፋል። ክረምታቸው ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ዝናብና ማዕበል አለው። የእስክንድርያ ዓሣ አጥማጆች ለእያንዳንዱ ማዕበል ስም አውጥተውለታል፤ በኅዳር የሚመጣውን «መጥረጊያዋ» ይሉታል፣ ባሕሩን ጠርጎ ያጸዳል ሲሉ። በጥቅምት ወይም በሚያዝያ የሄደ ሁለቱንም ያመልጣል። ማደሪያ የሚፈለገው በሰዓድ ዘግሉል አደባባይና በራምል ጣቢያ አካባቢ ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሴሲል ሆቴል እዚያው ነው፤ በዙሪያው በኪስ ልክ የሚገኙ ሌሎች አሉ። በምሥራቅ ጫፍ ሞንታዛ ድረስ ሄዶ ማደር ውብ ቢሆንም በየቀኑ ረጅም የባሕር ዳር መንገድ ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው፤ ሰዓቱ እንደገና አለቀ።

ምን ይታይ ለሚለው የጉብኝት ድርጅቶች ረጅም ዝርዝር ያቀርባሉ። ቃይትባይ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተገነባው ጥንታዊው የፋሮስ መብራት በነበረበት ቦታ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ ቤተ መጻሕፍት 2,000 አንባቢ የሚይዝ አዳራሽ አለው። የግሪክና የሮማ ሙዚየም ከ2005 ጀምሮ ተዘግቶ በ2023 ተከፍቷልና አሮጌ የጉዞ መጽሐፍ የያዘ ሰው «ዝግ ነው» ብሎ እንዳያልፈው። ዘመነ ሰማዕታትን የሚቆጥር ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሰዎች የፖምፔ ዓምድ የሚሉት ድንጋይ በእውነቱ ለዲዮቅልጥያኖስ የቆመ መሆኑን ሲሰማ ሌላ ነገር ያስባል። አባ ሰላማ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ተብለው ወደ አክሱም የተላኩት ከዚህችው ከተማ ነው፤ ከዚያ እስከ 1951 እ.ኤ.አ. ድረስ የኢትዮጵያ ሊቀ ጳጳስ ግብፃዊ ነበር።

ለገበያ ሰው ግን የጉዞው ትልቁ ነገር የትኛውም ዝርዝር ላይ የለም፤ ቦታው ባዶ ነውና። ሰዎች መንሺያ በሚሉት፣ የመሐመድ ዓሊ ሐውልት በፈረስ ላይ በቆመበት አደባባይ፣ የእስክንድርያ ቦርሳ፣ ማለትም የአክሲዮንና የጥጥ ገበያ ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው ከቡና ቤት ነው፤ የጥጥ ነጋዴዎች በአደባባዩ ዳር ቡናቸውን እየጠጡ ይዋዋሉ ነበር። በ1861 የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ የደቡቦቹ ጥጥ ሲቋረጥ የግብፅ ጥጥ ዋጋ ሰማይ ወጣ፤ ከተማዋም አብራ ወጣች። ቦርሳው በ1883 ተቋቋመ፣ ከካይሮው 20 ዓመት ቀድሞ። ከዚያ ዛሬ ያልታየ ጥጥ ለወራት ወደፊት ይሸጥ ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. ጋማል አብደል ናስር የስዊዝ ካናል መወረሱን ለሕዝብ የተናገሩት በዚህ አደባባይ፣ ከዚያው ሕንፃ ሰገነት ላይ ሆነው ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ፣ በ1961፣ ጥጡም ኩባንያዎቹም በመንግሥት እጅ ገቡ፤ ገበያው ለሠላሳ ዓመት ያህል ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። ሕንፃው ራሱ በ1977ቱ የዳቦ ዋጋ ሁከት ተቃጥሎ በኋላ ፈረሰ።

የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። አክሲዮን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቅዳሜ ጧት አንድ ሰዓት ያንን ባዶ ቦታ ቆሞ ቢያይ ከብዙ ስልጠና የተሻለ ይማርበታል። ደላላው ሁሉ፣ ኮሚሽኑ ሁሉ፣ የዋጋ ሰሌዳው ሁሉ እዚያ ነበር። ከዚያ ለመሄድ ታክሲ እንኳ አያስፈልግም፤ ከራምል ጣቢያ በእግር የሚደረስ ነው።

ቅዳሜ ማታ ለዓሣ ነው። በአንፉሺ አካባቢ ዓሣው በበረዶ ላይ ተዘርግቶ በኪሎ ይሸጣል፤ እንግዳው መርጦ ያስመዝናል፣ በምን እንደሚሠራለት ይናገራል። ዋጋው ተመዝኖ ሳለ ይቆረጥ፤ ከተጠበሰ በኋላ የሚደረግ ክርክር በየትም አገር የሚረታው ሻጩ ነው። ከዚያ በባሕሩ ዳር መሄድ ነው፤ ምንም እንኳ ካፌዎችና አጥሮች ባሕሩን እየሸፈኑት መምጣታቸው ነዋሪውን ቢያማርረውም፣ በነፃ ተቀምጦ ማዕበል የሚታይበት ግንብ አሁንም አለ። እሑድ ጧት በመጀመሪያዎቹ ባቡሮች የተነሣ ከቀትር በፊት ካይሮ ይደርሳል፤ ሽቶውንም ከሰዓት በኋላ ይገዛል፣ ሱቁ እሑድ ክፍት ነው።