የዕፅ ስም ተራ ነገር አይደለም



አንድ ቀን የሥነ ሕይወት መምህራችን ከአጥር ሥር የበቀለ ቅጠል ቆርጠው «ስሙን የሚያውቅ ማነው?» ሲሉ ጠየቁን። የላቲን ስሙን ከመጽሐፍ አጥንቼ ስለ ነበር ቶሎ መለስሁ፤ ተጨበጨበልኝም። ማታ ቅጠሉን ለአያቴ ባሳያት ግን በአማርኛ ምን እንደሚባል መናገር አቃተኝ። እርስዋ ስሙን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚለቀም ጭምር ነገረችኝ። እኔም ዐፈርሁ።

ስለዚህ ነገር ሳነብ በአየርላንድና በስኮትላንድ የሚነገሩት የጌሊክ ቋንቋዎች ብዙ አስተማሩኝ። በአየርላንድ አንዲት ትንሽ ነጭ የሜዳ አበባ «ኖኒን» ትባላለች። «ኖን» ዘጠነኛ ሰዓት ከሚለው የላቲን ቃል መጥቶ ኋላ የቀትር መጠሪያ ሆነ፤ ስለዚህ ስሟ «ትንሿ የቀትር አበባ» እንደ ማለት ነው። እውነትም በቀን ትፈካለች፤ ሲመሽ ትከደናለች። በስኮትላንድ ደግሞ የቅጠሉ ጠርዝ የተሸራረፈ አንድ ቢጫ አበባ «የቅድስት ብሪጊድ ሸራፋ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አለው። ዴሪ የተባለው ከተማ ስሙን ያገኘው ከባሉጥ ዛፍ ደን ነው፤ ኪልዴር ማለትም «የባሉጥ ዛፍ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው። እኛም በአዲስ አበባ ሾላ የሚባል ሰፈር አለን።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የሳይንስ ስም ካለ የባላገር ስም ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በአየርላንድ «ሜራካን» የሚባል አበባ አለ፤ ትርጉሙ ሰፊ በጣቱ የሚያጠልቀው ቆብ ነው። በጀርመን አገርም ባላገሩ እንደዚሁ «የጣት ቆብ» ይለው ነበር። ሊዮንሃርት ፉክስ የተባለው ሊቅ በ1542 «ዲጂታሊስ» ብሎ በላቲን የሰየመው ይህንኑ የባላገር ስም ተርጉሞ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግም በ1785 ስለዚሁ ዕፅ መድኃኒትነት መጽሐፍ አሳተመ። እንግዲህ ሳይንስ ራሱ ከባላገር አፍ ተምሯል ማለት ነው።

ነገር ግን የሚናገረው ሲያልፍ ስሙም ያልፋል። የጌሊክ እኅት የሆነውን የማን ደሴት ቋንቋ ከልጅነቱ አፍ የፈታበት የመጨረሻው ሰው ኔድ ማድሬል በ1974 ሞተ። ዛሬ ቋንቋውን እንደገና ለማስተማር ብዙ ይደከማል። ጆን ካሜሮን ግን የጌሊክን የዕፀዋት ስሞች ሰብስቦ በ1883 በመጽሐፍ ስላሳተመ፣ የጻፋቸው ከመጥፋት ድነዋል።

የእኛስ? «ጤና አዳም» ስንል ዕፁ ፈውስ መሆኑን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። «ባሕር ዛፍ» ስንል ዛፉ ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራልያ፣ የመጣ መሆኑን እናስታውሳለን። እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ በየቀበሌው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብቻ የሚያውቋቸው ግን ስንት ናቸው!

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ አንድ ዐሳብ አቀርባለሁ። በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን ከቤተ ዘመዶቻችን ዐሥር የዕፅ ስሞችን ከነትርጉማቸው እንጻፍ። የላቲኑንም አንተው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን እናኑራቸው። እኔ የመጀመሪያውን ከአያቴ ተቀብዬ በደብተሬ ጽፌአለሁ፤ የቀሩትን ዘጠኙንም እርስዋ ሳለች እጠይቃታለሁ።