አጥር ግቢ የቆመች መኪና የምን ዕዳ አለባት?

ወረታ በመኪና የምትኖር ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ በመሐሏ ያልፋል። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት፣ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው የወልዲያ መንገድ ደግሞ ጋይንትንና ደብረ ታቦርን አቋርጦ መጥቶ እሷው ዘንድ ይገጥማል። የፎገራ ሩዝ ከማሳ ወደ መፈልፈያ፣ ከመፈልፈያ ወደ መሐል አገር የሚጓዘው በአይሱዙ ነው። አይሱዙው፣ ሚኒባሱና ባጃጁ ከቆመ የወረታ ሰው እጁም አብሮ ይቆማል።

ታዲያ ይኸው ቆሟል። በየግቢው ሸራ የለበሰ፣ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ፣ ከሥሩ ዶሮ የምታርፍበት መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ለምን ቆመ? ምክንያቱን የማያውቅ የለም። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የተቀጣጠለው ጦርነት መንገዱን አንድ ቀን ክፍት፣ ሌላ ቀን ዝግ ሲያደርገው ከርሟል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በጥር 2016 ለተጨማሪ አራት ወር ተራዘመ። የአዋጁ ጊዜ አበቃ፤ የመንገዱ ሥጋት ግን ቀን ቆጥሮ አብሮት አልሄደም። መንገድ ላይ ወጥቶ መኪናውንና ነፍሱን በአንድ ቀን ከማጣት፣ መኪናውን አቁሞ ነፍሱን ማትረፍ የመረጠ ሰው ምኑ ያስወቅሰዋል?

ነዳጁስ? በሐምሌ 2014 አንድ ሊትር ቤንዚን በይፋ ዋጋ 47 ብር ከሣንቲም ነበር። በጥር 2017 ከ101 ብር አለፈ። ይህ ማደያው ላይ የተለጠፈው ዋጋ ነው እንግዲህ። በጀሪካንና በውኃ ፕላስቲክ ተሞልቶ በየጓሮው የሚሸጠውን ዋጋ የገዛው ያውቀዋል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተብሎ ሲለቀቅ ደግሞ ጎማውም፣ ባትሪውም፣ መለዋወጫውም አብሮ ሰማይ ወጣ። አንድ የተበላሸ ፓምፕ ለመግዛት የዓመት ሩዝ መሸጥ የሚጠይቅ ከሆነ መኪናው ይቆማል እንጂ ምን ይሆናል?

እንግዲህ መኪናው ቆመ እንበል። ሒሳቡስ ይቆማል? ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቦሎ ለማሳደስ የሄደ ባለንብረት በየከተማው የሚገጥመው ንግግር ይህን ይመስላል።

«ልጄ፣ መኪናዋ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ከግቢ አልወጣችም።»

«እሱን እኛ አናውቅም ጋሼ። ቦሎዋ አልታደሰም። ውዝፉን ከነቅጣቱ ይክፈሉና ከዚያ እናያለን።»

«መንገድ ላይ ሳትወጣ?»

«ምን ላድርግዎት ጋሼ፣ አሠራሩ ነው።»

ልጁን አትፍረዱበት። የተሰጠውን ነው የሚሠራው። ጥያቄው «አሠራሩ» የሚባለው ነገር ከየት መጣ የሚለው ነው። እስቲ ሕጉን እንየው።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ፍሬኑ የማይዝ፣ መሪው የሚላቀቅ መኪና አደባባይ ወጥቶ ሰው እንዳይፈጅ ነው። ጥሩ ሕግ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ መድን ያልተገባለት ተሽከርካሪ መንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ይህም ጥሩ ሕግ ነው። በመኪና ተገጭቶ ሜዳ ላይ የቀረ የድኻ ልጅ ቢያንስ የሚታከምበት እንዲያገኝ ነው የወጣው። ልብ በሉ! ሁለቱም ሕጎች የሚጠብቁት መንገደኛውን ነው። ሁለቱም የሚጠሩት ቦታ መንገድ ነው። ዶሮ የምታርፍባት መኪና ማንን ትገጫለች?

ባለቤቱን እንኳ አይጠብቁትም። ከግቢው ሳትወጣ በተባራሪ ጥይት ብትመታ፣ ብትቃጠል ወይም ብትዘረፍ የሦስተኛ ወገን መድን አንዲት ሣንቲም አይከፍለውም፤ ስሙ እንደሚለው ለሦስተኛው ሰው ነውና። ቦሎ ለማግኘት ግን ያንኑ መድን መግዛት ግዴታ ነው።

ሦስተኛውን ሕግ ልጨምርላችሁ። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ሲቋቋም ከገቢ ምንጮቹ መካከል ሁለቱ ነዳጅ ላይ የሚጣለው ሒሳብና ዓመታዊ የተሽከርካሪ ፈቃድ ማደሻ ክፍያ ነበሩ። ክፍያው በምን ይሰላል ነው ያለው አዋጁ? በአክስል ጭነት! ይኸውም መኪናው በየእግሩ መንገዱን በሚጫነው ክብደት ማለት ነው። መንገድን የሚጎዳ መንገድን ያሳድስ ነው ሐሳቡ። የሚያስመሰግን ሐሳብ ነው። ነዳጁም እንደዚሁ፤ ብዙ የነዳ ብዙ ይቀዳል፣ ብዙ የቀዳ ብዙ ይከፍላል። በዚህ ሚዛን ከተኬደ ግቢ የቆመች መኪና አክስሏ የሚጫነው የባለቤቷን አፈር ነው። የመንግሥት አስፋልት አልነካችም። የነካችው አስፋልት ከሌለ የምትከፍለው የመንገድ ዕዳ ከየት ይመጣል?

ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ አለላችሁ። ቦሎ የሌላት መኪና መንገድ ላይ ብትገኝ ትቀጣለች። ቦሎ ለማግኘት ግን መኪናዋ ራሷ እስከ ምርመራው ቦታ መሄድ አለባት። ስለዚህ ላለመቀጣት መሄድ አለባት፤ ከሄደች ደግሞ ትቀጣለች። ይህን የፈታ ሰው ካለ ይሸለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከሌላው እንለይ፤ የምናወራውን የሚያጣምም አይጠፋምና። በመተማ በኩልም ሆነ በሌላ በር ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ መኪና የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ወረታ ከጎንደርና ከመተማ መስመር ላይ ስለሆነች ነገሩ አዲሷ አይደለም። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ኮንትሮባንድን ማጓጓዝ ብቻ ሳይሆን ማከማቸትንና መያዝንም ወንጀል ያደርጋል። ስለዚህ ቀረጥ ያልተከፈለበትን መኪና አጥር አያድነውም፤ ቤት ውስጥ ቢቆለፍበትም ያው ነው። ትክክልም ነው፤ የቀረጥ ዕዳው የተወለደው መኪናው ድንበር ሲያልፍ ነውና ቢቆምም ቢሄድም አይለወጥም። የመንገድ ክፍያ ግን የሚወለደው መንገድ ላይ ነው። እኛ የምንለው ቀረጡ ተከፍሎ፣ ሰሌዳና ሊብሬ ወጥቶለት፣ በአገሩ ችግር የቆመውን ነው።

«እሺ፣ ሌላው አገር እንዴት ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። እንግሊዝ በመኪና ላይ በየዓመቱ ታክስ ትጥላለች። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ግን ባለመኪናው «መኪናዬን ከመንገድ አውጥቻለሁ» ብሎ ያስታውቃል። ማስታወቂያው በነፃ ነው። ካስታወቀ በኋላ መኪናው በራሱ ግቢ ወይም በግል ቦታ እስከቆመ ድረስ ታክስ አይከፍልም፤ መድንም አይጠየቅም። ቀድሞ ከፍሎ ከነበረ የቀሩት ሙሉ ወሮች ይመለሱለታል። ነገር ግን ሳያስታውቅ ዝም ካለ 80 ፓውንድ ይቀጣል። አስታውቆ መንገድ ላይ ሲነዳ ከተያዘ ቅጣቱ እስከ 2,500 ፓውንድ ይደርሳል። አንድ የተፈቀደለት ጉዞ አለ፤ አስቀድሞ ቀጠሮ ወደያዘበት የምርመራ ቦታ መንዳት ይችላል። የእኛን እንቆቅልሽ በአንድ መስመር ፈቱት ማለት ነው!

ጀርመኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የወቅት ሰሌዳ አላቸው። መኪናው ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሚነዳ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ከዚያ ውጪ ባሉት ወሮች መኪናው መንገድ ላይ አይወጣም፤ ባለቤቱም የሚከፍለው ለተጻፉት ወሮች ብቻ ነው። ይህ ለፎገራ የተቆረጠ ልብስ አይመስልም? የአገራችን ሥራ በወቅት ነው። ሩዝ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። የበጋው ጭነት ያልፋል። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ይሞላሉ፣ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፣ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስደው መንገድ ጭቃ ይሆናል። በሰላሙ ጊዜ እንኳ እዚህ ያለ መኪና ዓመቱን ሙሉ አይሠራም።

የተቃራኒውን ወገን መከራከሪያም እንስማ፤ ከንቱ አይደለምና። «መኪናዬ ቆሟል የሚል ሁሉ ቀን ግቢ አቁሞ ሌሊት ይነዳል። ያለ መድን ሰው ቢገጭስ?» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ የሚያጭበረብር አይጠፋም። መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም፤ ባለመኪናው ሰሌዳውን ፈትቶ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ያስረክብ። ሰሌዳ የሌላት መኪና ኬላ ላይ ሌሊትም ቀንም ትታያለች። ትራፊክ ፖሊስ ጥፋት አገኘሁ ሲል ሰሌዳ መፍታት መቼ ያቅተዋል? እሱ የሚፈታውን ባለቤቱ በፈቃዱ ፈትቶ ሲያመጣ ደረሰኝ ሰጥቶ መቀበል ምን ይከብዳል? ለዚህ የቀበሌ ምስክር ወረቀት ይምጣ ማለት ግን አያስፈልግም። ማኅተም በበዛ ቁጥር እጅ መንሻ እንደሚበዛ የማያውቅ የለም። ሰሌዳው ራሱ ምስክር ነው።

«መንግሥት ገንዘብ ያስፈልገዋል» የሚለውም አለ። ያስፈልገዋል። የአገሪቱ የታክስ ገቢ ከአጠቃላይ ምርቷ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ግን ገንዘብ የሚገኘው ከሚሠራ ነገር ነው። የቆመ አይሱዙ ገቢ የለውም፤ ባለቤቱ ውዝፉን የሚከፍለው የልጆቹን ቀለብ ቀንሶ ነው። ውዝፉ ሲቆለል ደግሞ ሰላም ቢመጣ እንኳ መኪናውን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ መሸጥም አይችልም። በመጨረሻ ፈታትቶ በብረት ዋጋ ይሰጠዋል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። በነዳጅ የሚሄደው አሮጌ መኪና ለብዙው ሰው ዳግመኛ የማይገኝ ንብረት ሆኗል ማለት ነው። ውዝፍ ጭኖ ይህን ንብረት ማስበላት የትኛውን ካዝና ይሞላል? በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር የበቀለባቸው መኪኖች ስንት ናቸው? ለእነሱ የቅጣት ደብዳቤ የሚጽፍ አላየንም።

ይህን ዛሬ የማነሣው በከንቱ አይደለም። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2016 መገባደጃ ይፋ ያደረገው የመካከለኛ ዘመን የገቢ ስትራቴጂ በተሽከርካሪ ላይ በየዓመቱ የሚጣል ታክስን ከአዳዲሶቹ የገቢ ምንጮች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። የዚሁ ታክስ ወንድም ኬንያ ውስጥ ምን እንዳደረገ አይተናል። በግንቦት 2016 የናይሮቢ መንግሥት ከመኪናው ዋጋ 2.5 በመቶ በየዓመቱ ሊያስከፍል በፋይናንስ ረቂቁ ውስጥ አስገባ። ሕዝቡ ጮኸ፤ የመኪናውን ታክስ ከረቂቁ አወጡት። ቁጣው ግን በዚያ አልበረደም። ሰልፈኛው ፓርላማ ድረስ ገባ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ፕሬዚዳንት ሩቶም በማግሥቱ ረቂቁን አልፈርምም ለማለት ተገደዱ። እኛ ያ እንዲሆን አንመኝም። የምንለው እንዲህ ያለ ሕግ ሲረቀቅም ሆነ ሲሻሻል የቆመ መኪና የሚባል ነገር መኖሩ ይጻፍበት ነው።

ምን ይጻፍ? አንደኛ፣ መኪናውን ያቆመ ሰው በአቅራቢያው ባለው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያለ ክፍያ የሚያስታውቅበትና ሰሌዳ አስረክቦ ደረሰኝ የሚወስድበት አንድ ወጥ መንገድ ይኑር። ሁለተኛ፣ ሰሌዳው ተቀምጦ ለቆየባቸው ወሮች ዓመታዊ ክፍያም፣ መድንም፣ ቅጣትም አይጠየቅ፤ ሲመለስ መኪናው ተመርምሮ ይውጣ፣ እስከ ምርመራው ቦታም ያለ ቅጣት ይሂድ። ሦስተኛ፣ አስታውቆ ሲነዳ የተገኘ ከባድ ቅጣት ይቀጣ፤ መኪናው ጎዳና ዳር ቆሞ «ግቢ ነው» ማለትም አይሠራ። አራተኛውና ዋናው፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ጦርነት ባለበት አካባቢ የተቆለለው የቦሎ ውዝፍና ቅጣት ይሰረዝ። መንገዱን ክፍት አድርጎ የመጠበቅ ግዴታ ያለበት መንግሥት ነው። ግዴታውን ያልተወጣ ወገን ባልተነዳበት መንገድ ሒሳብ ሲጠይቅ ሃፍረት ሊሰማው ይገባል።

የፎገራ ገበሬም ሆነ የወረታ ባለ አይሱዙ ግብር አልከፍልም አላለም። መኪናው ስትሄድ ይከፍላል። አሁን ግን ቆማለች፤ ያቆማት ደግሞ እሱ አይደለም።