ሥጋት መቼ ሕመም ይሆናል?

ማሽላ ሲያሸት ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ፤ ወንጭፉን ይዞ እርሻውን ይጠብቃል። ዝንጀሮ ሲመጣ ቢጮኽ የቤተ ሰቡን እህል ያድናል፤ ሁሉም ያመሰግነዋል። ነገር ግን ዝንጀሮ ሳይኖር ነፋስ ቅጠል ባንቀሳቀሰ ቍጥር ቀኑን ሙሉ ቢጮኽ፤ ራሱም አያርፍም፤ ቤተ ሰቡንም አያሳርፍም።

ልጆች ሆይ፤ በሰው ልብ ውስጥ ያለው ሥጋትም እንደዚህ ጠባቂ ነው። ወንዝ ሞልቶ ባየን ጊዜ ልባችን ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ትንፋሻችንም ይፈጥናል። ይህም ሰውነታችን ከአደጋ ለመሸሽ ሲዘጋጅ ነው። ነገ ፈተና አለብኝ ብሎ ጥቂት የሰጋ ተማሪ መጽሐፉን ይገልጣል፤ ፈተናው ሲያልፍ ሥጋቱም አብሮ ያልፋል። እንዲህ ያለው ሥጋት ጠቃሚ ስለ ሆነ ሊነቀፍ አይገባም።

እንግዲህ ጠባቂው ያለ ምክንያት የሚጮኽ መሆኑ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ፤ ሥጋቱ ከምክንያቱ ሲበልጥ ነው፤ ይኸውም እናቱ ከገበያ ጥቂት በዘገየች ቍጥር ሞተች ብሎ እንደሚያለቅስ ልጅ ነው። ሁለተኛ፤ ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ሥጋቱ አልለቅ ሲል፤ ሳምንትና ወርም ሲቈይ ነው። ሦስተኛ፤ እንቅልፍ ሲነሣ፤ ምግብ ሲያስጠላ፤ ከትምህርትና ከጨዋታ ሲያስቀር ነው። በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ በሆድ ቍርጠትና በራስ ምታት ይገለጣል።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለውን ልጅ «ፈሪ ነው፤ ሰነፍ ነው» ብለው ይገሥጹታል። እኔ ግን ይህ ስሕተት ነው እላለሁ። በወባ የታመመውን ልጅ ስለ ምን ተንቀጠቀጥህ ብሎ የሚቈጣው የለም፤ በሥጋት የታመመውንስ ስለ ምን እንቈጣዋለን? ቍጣ ሥጋቱን አያርቅም፤ ልጁ ሥጋቱን እንዲደብቅ ብቻ ያስተምረዋል። አባቶችም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ይህም ሕመም የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች ነበረባቸው፤ ከእነርሱም 58 ሚሊዮኑ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ።

መድኃኒቱም አለ። የመጀመሪያው መናገር ነው። ለእናትህ፤ ለአባትህ ወይም ለመምህርህ ንገር፤ እነርሱም ቢያስፈልግ ወደ ሐኪም ይወስዱሃል። ሁለተኛው፤ ከሚያስፈራህ ነገር ሁልጊዜ አለመሸሽ ነው። መሸሽ ሥጋቱን ያሳድገዋል፤ ጥቂት በጥቂት መቅረብ ግን ይቀንሰዋል። በሰው ፊት ማንበብ የሚፈራ ልጅ መጀመሪያ ለእናቱ፤ ቀጥሎ ለአንድ ባልንጀራው፤ በኋላም በክፍሉ ፊት ያንብብ። ባልንጀራውም ሲሳሳት አይሣቅበት።

ጠባቂውን ከማማው ማውረድ አይገባም፤ እህሉ ይበላልና። የሚገባውስ ዝንጀሮውን ከነፋሱ ለይቶ እንዲያውቅ ማስተማር ነው።